ባክግራውንድ የሚሆን በር

ዋአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ! ግባ ሸምሶ፣ ግባ እንጂ። ኧረ እዚያኛው ላይ አትቀመጥ፣ ሚስማር አለው። እዚህ አረፍ በል። ይሄ ከፈረሰ ክሊኒክ የመጣ በር ነው፤ ስንቱ በሽተኛ ተደግፎት አልፏል፣ ያንተን ወገብ አያቅተውም።

እህ… እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱስ? አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ እንሴኖ በኩልም እንዲህ ነው? እዚህ ቡታጅራ ዘንድሮ ክረምቱ ወጣ ሲሉት የረሳው ዕቃ እንዳለው ሰው ተመልሶ ይገባል። ማረቆ ግን በርበሬው ደረሰ አሉ። ቆሼ ገበያው ቀይ ሆኗል አለኝ አንዱ ነጋዴ። አየህ፣ ሰው ዕድል ካለው በርበሬውም ያምርለታል።

ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? አንተ ደግሞ ሐሙስ ቀን መጥተህ አታውቅም። ያ የሚያምህ እግርህ እንኳ… ለመድኃኒት ነው የመጣኸው? ለበር ነው? ለበር ከሆነ ግቢው ይኸው፣ ሞልቷል፤ ሠላሳ በር ግድግዳ ተደግፎ ያንተን ፊት ያያል። መስኮትም አለ። የሽማግሌ ጉዳይ ከሆነ ግን እኔ የማውቀው ነገር የለም።

ምን ሽማግሌ ትለኛለህ እንዴ? እኔ ምን አውቄ! ከድጄ ናት፣ "እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዎች ይመጣሉና ከቤት እንዳትወጣ" ያለችኝ። የማን ሰዎች ናቸው? አልኳት። "እኔ ምን አውቄ" አለች ሚስቴ። ሰልሚያን ጠየቅኳት፤ "አባዬ፣ እኔ ምን አውቄ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው ነን፣ ሦስታችንም ምንም አናውቅም። አንተም ፊትህን ሳየው ምንም አታውቅም። የማናውቀውን ምን ያናግረናል? ሌላ ወሬ እናውራ።

ስለ ፎቶ እናውራ።

አትሳቅ፣ ከልቤ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ዘመኑን ልወቅ ብዬ ነው። ሻይ ይምጣልህ? … ሰልሚያ! ለአጎ… ለእንግዳው ሻይ! ምላሴ ተሳሳተ፣ ይቅር በለኝ። የማንም አጎት አይደለህም ለካ።

አንድ ልጅ አለ፣ ሸምሶ። ስሙን አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደመብላት ነው ተብለናል። ስለዚህ ስም ሳልጠራ አመሰግነዋለሁ። ምስጋና ሐሜት አይሆንም አይደል? አንተ ከኔ የተሻለ ቁርኣን ቀርተሃል፤ ከሆነ ንገረኝ፣ እዚሁ ላይ አቆማለሁ። … እንግዲያስ አልሆነም ማለት ነው።

ይሄ ልጅ ፎቶ አንሺ ነው። ግን እንደምታውቃቸው ዓይነት አይደለም፤ ሠርግ አያነሳም፣ ምርቃት አያነሳም፣ ጭራሽ ሰው አያነሳም። ሰው ምን ያደርግለታል? ሰው ያኮርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ "አሳየኝ፣ አወፈርከኝ" ይላል። እሱ የሚያነሳው በርበሬ ነው። ማር ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ የክትፎ ጣባ፣ የተቆራረሰ ቆጮ። ጠረጴዛ ላይ በሥነ ሥርዓት ይደረድርና ወንበር ላይ ይወጣል፣ ከዚያ እንደ ጭልፊት ቁልቁል ያየዋል። ከላይ ነው የሚነሳው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል፤ የት አገር እንዳለ የማያውቀው ሰው ደግሞ ለመጽሔቱ፣ ለማስታወቂያው ይገዛዋል። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። የሽንኩርት ፎቶ ከሽንኩርቱ ይወደዳል ቢሉህ ታምናለህ? ይወደዳል። ሽንኩርቱን ደግሞ በኋላ ይበሉታል። ማሻአላህ፣ ከአንድ ሽንኩርት ሁለት ጊዜ!

ታዲያ ሽንኩርት ብቻውን አይነሳም። ከሥሩ የሚነጠፍለት ነገር ያስፈልገዋል። ባክግራውንድ ይሉታል። እኔ መሃይሙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሸጠው ስሙን አላውቀውም ነበር። አሮጌ ሳንቃ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጠርዙ የተበላ ኮምፖርሳቶ እያልኩ ሳዋርደው ኖርኩ። አዲስ አበባ ይሄው ነገር በወረቀት ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሐር ይሸጣል አሉ። ሰው ያረጀ ጣውላ ሥዕል ይገዛል! ልጁ ግን ብልህ ነው። ገንዘብ አይበትንም። "ጎረቤት እያለ ምን ያስገዛኛል?" ይላል። እኔ ይሄን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ዛሬ ጎረቤቱን እንዲህ የሚያስብ ወጣት የት ይገኛል?

ዱባለን ታውቀዋለህ፣ ሴራሚክ የሚሸጠውን? ልጁ አንድ ቀን ሄደና "ጋሼ ዱባለ፣ ይሄ ስብርባሪ ሰው እግር ይቆርጣል፣ ላንሳልዎት" አለው። ሁለት ኩንታል ሙሉ ሰብስቦ ሄደ። ዱባለ ግቢው ስለጸዳለት ቆሞ መረቀው። ልብ በል፣ ወስዶ ነው የተመረቀው! እኛ ሰጥተን እንኳ የማናገኘውን። እሱ ስብርባሪውን እንደ ልብስ ስፌት ገጣጥሞ ማር ሲያነሳበት፣ ወላሂ፣ የሆነ ሱልጣን ቤት ቁርስ የቀረበ ነው የሚመስለው።

የእናቱን ጅባ ደግሞ ከተቀመጠችበት ሳብ አድርጎ ወሰደ። ደህና ሴት ናት እናቱ፣ ወንድሟንም የማውቀው ይመስለኛል፤ እንሴኖ ነው አሉ የሚኖረው፣ የተከበረ ሰው ነው፣ ትንሽ እግሩን ያመዋል እንጂ። … ምነው እግርህን ታሻለህ? ብርድ ነው። … እና እሷ "ልጄ፣ ምን ላይ ልቀመጥ?" ብትለው "እማ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው፣ ብርሃኗ ሳታልፍ" አላት። እናት አይደለች፣ ቆመች።

ይሄ ግማሽ ሰዓት የሚባለው ነገር ያስደንቀኛል። የሱ ግማሽ ሰዓት እንደኛ ቸኩሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በረካ አለው። ከኔ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ለግማሽ ሰዓት የወሰደው ከረመዷን በፊት ነው። ቆርቆሮው ረመዷንን እዚያው ጾመ፣ ዓረፋንም እዚያው ዋለ። እንግዳ ተቀባይ ልጅ ነው፣ ዕቃ እንኳ ቤቱ ከገባ መውጣት አይወድም።

ባነሩን ልንገርህ? ስብሰባ ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ የሚቀረውን ባነር ይለቃቅማል። ጀርባው ነጭ ነው አይደል? እዚያ ነጩ ላይ እንቁላል ያነሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ያነሳል። እኔ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ባነር በፊቱ ስንት ቀን ተሰቅሎ ያልሠራውን በጀርባው በአንድ ጠዋት ሠራ። ይሄ አገልግሎት አይደለም? ልጁን መሾም ነበር።

እና እንዲህ እያለ፣ ከዓመት በፊት እኔ ግቢ መጣ። ገና ሰላም ሳይለኝ "ጋሼ ሀፊዝ፣ ልገዛ አይደለም" አለኝ። ሐቀኝነቱን አየህ? ሌላው "ስንት ነው? ቀንስ" እያለ ግማሽ ቀን ያደርቅሃል፤ ይሄ ከበር ላይ ገላገለኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይመጣል። ሳንቃ ያገላብጣል። ይዳስሳል። "ጋሼ፣ ይሄ ስንጥቅ እንዴት ያምራል!" ይላል። እኔ ስንጥቅ ያለበትን በግማሽ ዋጋ ነበር የምሸጠው። ከዚያ ውሃ ይጠማዋል። እቤት ይገባል፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ስልኩ ባትሪ ይጨርሳል። እቤት ይገባል፣ ቻርጅ ያደርጋል። የሚገርምህ፣ ውሃ የሚጠማው ሰልሚያ ከፋርማሲ ሥራዋ ስትመለስ ነው። ባትሪውም እንዲሁ። ሳይንሱን እኔ አላውቅም።

አሁን እስቲ አንገትህን ዘወር አድርገህ ወደ ቤቴ ተመልከት። በሩ ላይ ምን ይታይሃል? … አነበብከው? "የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ መድረክ።" አዎ፣ ባነር ነው። በሬ ነው ያልኩህ መሰለህ? በሩ የለም።

ቀስ ብዬ ላስረዳህ። የዚያን በር ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ ለአባቴ ለቅሶ ስትመጣ ገብተህበታል። አባቴ ከጥድ ያሠራው ነው። ሦስት እህቶቼ ከዚያ ቤት ተድረዋል፣ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሟል። የኛ ቤት ልማድ ደግሞ፣ የልጅ ነገር ሲሸት በር ይቀባል። ለታላቋ አባቴ ቡናማ ቀባው። ለመካከለኛዋ ሰማያዊ። ለትንሿ ጊዜ እኔ ነኝ በገዛ እጄ አረንጓዴ ያለበስኩት። ከዚያ ወዲህ ፀሐዩም ዝናቡም ልጦት፣ አንዱ ቀለም ከአንዱ ሥር ብቅ ብቅ ብሎ… ምን ልበልህ፣ ሦስቱም እህቶቼ በአንድ መስኮት የሚያዩ ነው የሚመስለው።

ዘንድሮ ክረምቱ አሳበጠውና አልዘጋ አለ። ሰልሚያም ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሴት ልጅ ያለው ሰው በሩን አሳምሮ ይጠብቃል ብዬ፣ በመላጊያ ልጌ አዲስ ቀለም ልቀባው ከማጠፊያው ነቀልኩት። እዚያ፣ ከሠላሳው ጎን፣ በጎኑ አጋደምኩትና ለጁምዓ ሶላት ሄድኩ። ስመለስ ከድጄ "ያ ልጅ መጥቶ አንድ አሮጌ በር ለግማሽ ሰዓት ወሰደ፣ ሰላም ብሎሃል" አለችኝ። ቆጠርኩ። ሠላሳው አለ። እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ። "ምንም አልጎደለም እኮ" ብዬ ወደ ቤቴ ስዞር ነፋስ ከጓዳ መጥቶ ፊቴን መታኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሸምሶ። ሠላሳ በር ባለበት ግቢ ሠላሳ አንደኛው የቤቱ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል? ከድጄም ከዕቃችን አንዱ መስሏት ነው፤ የነቀልኩትን አልነገርኳትም። ልጁ ደግሞ ዓይን አለው። ከዚያ ሁሉ መካከል ምርጡን ነው የለየው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ የጥንት ሰዎች፤ ፎቶ አላነሱማ። የሰው በር እንዴት እንደሚያደምቅ ሳያዩ ሞቱ።

አንድ ነገር ግን ሌት ተቀን ይከነክነኛል… አይ፣ ቅሬታ እንዳይመስልህ፣ ዕውቀት ፈልጌ ነው። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ በአንድ በር ገብቶ ይወጣል። ውሃ ሊጠጣ ይገባል፣ ስልክ ሊሰካ ይገባል። ያው በር በጎኑ ተጋድሞ ሲያገኘው አያውቀውም። እንዴት ይሆናል? ሲገባና ሲወጣ ምን ነበር የሚያየው? … ከድጄን ጠየቅኳት። "ሌላ የሚያየው ነገር ኖሮት ይሆናላ" አለችኝ። ሴቶች ሰበብ ሲያበጁ እንደ ስፌት ያሳምሩታል። እኔም ቆንጆ ሰበብ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልቤ ግን፣ የቆመውን ያላየ ሲጋደም ይወደዋል እንዴ? ይላል። ያልተማረ ልብ ነው፣ አትስማው።

በሩን ጭኖ የወሰደው ሙሀይሚን ነው፣ ባለ ባጃጁ። በሦስተኛው ቀን ባጃጁን አስቁሜ "ምነው ሙሀይሚን፣ በሬን ወዴት አደረሳችሁት?" አልኩት። "ጋሼ፣ ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎን ነበር እኮ" አለኝ። ከዚያስ? "ከዚያማ በግራ ብናስገባው በቀኝ ይወጣል። ልጁም 'ለምን እንጨነቃለን፣ እኔ ከላይ ነው የማነሳው፣ ግማሹ ይበቃኛል' አለና መጋዝ ተዋሰ።" ተዋሰ ነው ያለኝ። መጋዙንም አልገዛም! አላህ ያሳይህ፣ በሩ የተውሶ፣ መጋዙ የተውሶ፣ የቆረጠበት የሰው ደጅ። የሱ የራሱ የሆነው ላቡ ብቻ ነው፤ እሱንም ሙሀይሚን አገዘው። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ይባል የለ? ይሄ ልጅ አያያዝ ስለሚችል አልተቀደደም፤ ከወገቡ ላይ እኩል፣ እንደ ሐላዋ፣ ቀጥ ብሎ ነው የተገመሰው።

ነገር በምሳሌ ይላሉ… የቀረውን አልጨርሰውም፣ እኔ አልጠጣም።

ባለፈው ሳምንት ግማሽ ሰዓቱ አለቀና በሩን መለሰ። እኔ እኮ የመለሰውን በዓይኔ ሳይ እንባዬ ነው የመጣው፤ ቆርቆሮዬ ያላገኘውን ዕድል! ሁለቱን ግማሽ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። "ጋሼ ሀፊዝ፣ አንዱን ወስጄ ሁለት አድርጌ መለስኩልዎት" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ከዚያ ቀና ሲል የቤቴን ባዶ መቃን አየ። "እንዴ ጋሼ፣ በር ልትቀይሩ ነው?" አለኝ። "አዎ ልጄ፣ እያሰብኩበት ነው" አልኩት። ደግ ልጅ ነው፣ ደግነቱን መካድ አልችልም። በማግስቱ በዝናብ እየሮጠ መጣና "እስክትቀይሩ ውሽንፍሩ እንዳይገባባችሁ" ብሎ ያንን ባነር በገዛ እጁ ሰቀለልን። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ። ነጩ ወደ ውስጥ ነው፤ ምናልባት ሰልሚያ ሽንኩርት ስትከትፍ ብርሃን እንዲያንጸባርቅላት ይሆናል።

ያ የቆሼው በርበሬ ነጋዴ ከትናንት ወዲያ መጣ። ስልኩን አወጣና "ለበርበሬዬ ማሸጊያ ፎቶ አሠራሁ፣ እስቲ እይልኝ" አለኝ። አየሁ። ወላሂ ሸምሶ፣ ያምራል። አልዋሽም፣ በሕይወቴ በርበሬ እንዲህ አምሮ አላየሁም። ቀዩ መሐል ላይ፣ ከሥሩ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቡናማው። ሦስት እህቶቼ ከበርበሬ ሥር! እና በጎን በኩል አንዲት እጅ ገባ ብላ በርበሬዋን ቆንጠር አድርጋ ትበትናለች። እጅ ብቻ። ከአንጓዋ ወዲያ ሰው የለም። አውራ ጣቷ ላይ ካውያ የነካት ትንሽ ጠባሳ አለች።

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አልኩት። "የሞዴል ነው አለኝ ልጁ" አለ ነጋዴው።

ሞዴል! እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሞዴል ሳበላ አላውቅም ነበር። ያንን ጠባሳ ያገኘችው በሰባት ዓመቷ ለዒድ የኔን ጀለቢያ ልትተኩስልኝ ብላ ነው። "ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም" ይላል የኛ ሰው። ያማረ ጣት ግን፣ ለካ ከአንጓው ተቆርጦ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ልጁ ለእጅ እንኳ አልከፈለም፤ ከቤት ያለውን ነው የተጠቀመው። ገና ቤቱ ሳይሆን!

እቤት ገባሁ። "ሰልሚያ፣ ውሃ አጠጪኝ" አልኳት። ውሃውን ስታቀብለኝ አውራ ጣቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ጠጣሁ። ደገምኩ። ከዚያ ባነሩ ከተሰቀለበት መቃን ላይ ዓይኔን ሳልነቅል "ያ በራችን ምን ደርሶበት ይሆን?" አልኩ፣ ለራሴ እንደሚያወራ ሰው። ምን አለችኝ መሰለህ? "አባዬ፣ እኔ ስደርስ እኮ ተቆርጦ ነበር።"

አየህ… የተማረ ልጅ፣ መድኃኒት ስትመዝን የማትሳሳት ልጅ፣ እንዲህ አለችኝ። ወዲያው አፏን ያዘች። ቁጭ አለችና እጄን ይዛ፣ "አባዬ፣ የቤታችን በር መሆኑን አያውቅም። ካወቀ በሐፍረት ይሞታል። አደራህን እንዳትነግረው" አለችኝ።

ስትወለድ የገባችበትን በር፣ ትምህርት ቤት የወጣችበትን በር፣ ከወገቡ ተቆርጦ መሬት ላይ ስታየው፣ የማንን ፊት ነው ያየችው? የኔን አይደለም። የበሩንም አይደለም። ቁንጥር በርበሬ ይዛ፣ ብርሃኗ ሳታልፍ፣ ዝም ብላ እጇን ዘረጋች።

… ሻይህ ይቀዘቅዛል፣ ጠጣ።

ቃል ገባሁላት። ለልጁ አልነግረውም። በዕድሜዬ ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም። ላንተ እንዳልነግር ግን ማንም አላስማለኝም። አንተ ደግሞ የልጁ ምንም አይደለህ፤ ዝም ብሎ ሐሙስ ቀን፣ እግሩን እያመመው፣ ሻይ ሊጠጣ የመጣ መንገደኛ ነህ።

ስለ እሁድ የማላውቀውን ልንገርህ? ሽማግሌ ሲመጣ እንደምታውቀው በር ላይ ይቆማል። "አረፍ በሉ" ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። ወጉ ነው፣ ያምራል። እኔን የቸገረኝ፣ በር ከሌለ የት ይቆማል? "የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ" ሥር ነዋ! ሦስት ባለ ሪዝ ሽማግሌ፣ በትር ይዘው፣ ግምገማ ሥር። መንገድ የሚያልፍ ሰው ከወረዳ የመጣ ልዑክ ነው ይላል። እኔም ከውስጥ "ምን ጉዳይ አመጣችሁ?" ስል፣ "ልጃችን ትጉህ ነው፣ ቤት የሚያቆም ነው" ይላሉ። ቤት የሚያቆም… ምን ብዬ ልመልስ ነው? የማቆሙን ነገር ገና አላየነውም፤ ሲያጋድም ግን እጅ በእጅ ተገምግሟል።

"ከሠላሳው አንዱን ለምን አትሰቅልም?" ልትለኝ ነው። አሰብኩበት። የተቀመጥክበት እንኳ ልኩ ይመጣል። ግን ልጄን ልትጠይቁ… ልጄን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች የክሊኒክ በር ላይ እንዲቆሙ አልፈልግም። ስሟን ጠርተው ተራ ይጠብቁ ይመስል!

ገንዘብም አልጠይቅም። የልጁን ቁጠባ በኔ ምክንያት ማበላሸት ነውር ነው። ሌላው ሙሽራ ከሽማግሌው በኋላ ነው ጥሎሽ የሚያመጣው፤ ይሄ ከሽማግሌው በፊት ግማሽ በር፣ ያውም ሁለት ግማሽ አምጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

ግን እኔ የልጁ አጎት ብሆን… አይደለሁም፣ ምስኪን፣ ያ ሰው የት ይሆን አሁን… ብሆን ኖሮ፣ ሐሙስ ማታ እቤቱ ሄጄ፣ "ና ልጄ፣ ያነሳህበት በር የማን ይመስልሃል?" እለዋለሁ። እኔ አይደለሁም የነገርኩት፣ ሰልሚያም አይደለችም፤ አጎቱ ነው። ያፍራል። ይፈር፤ ሐፍረት የሚያውቅ ሰው አልጠፋም ማለት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ አይበላም። ጥሩ፣ ሽንኩርቱም ይተርፋል። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርሃኗ ሳትወጣ እንኳ፣ እዚህ ይምጣ። መላጊያ አለኝ፣ ሚስማር አለኝ፣ ደህና አግዳሚ እንጨት አለኝ። ሁለቱን ግማሽ ራሱ ይግጠም። ስንጥቁ ይታይ፣ ስንጥቅ ይወድ የለ? ግማሽ ሰዓት አይበቃውም፤ ቀኑን ሙሉ ይዋል። ከላይ ቁልቁል ሳይሆን ከፊት ለፊት ቆሞ ይየው። ማጠፊያው የት እንደነበር፣ እጀታው በየትኛው ወገን እንደነበር፣ ከድጄ ማታ ማታ በምን በኩል እንደምትቀረቅረው፣ አንድ በአንድ ሰልሚያን ይጠይቃት። እሷ ትንገረው። እኔ እዚህ ጥላው ሥር ተቀምጬ ሳንቃ እያገላበጥኩ አልሰማም።

ቀለሙን አይንካ። አራተኛውን ቀለም እኔ ነኝ የምቀባው። ምን ዓይነት እንደምቀባም አስቤያለሁ። ለማን እንደሆነ ግን… እኔ ምን አውቄ።

ትሄዳለህ? እንዴ፣ ምን ያጣድፍሃል? አውቶቡሱ እኮ ሳይሞላ አይነሳም። … እሺ፣ እሺ፣ ዘመድ የምታይ ከሆነ አላስቀርህም። እዚህ ቡታጅራ ዘመድ እንዳለህም አላውቅም ነበር። ቆይ ግን፣ ይህን ያህል ያመሰገንኩትን ልጅ ሳልመርቅ ልሸኝህ? አይሆንም። እጅህን ዘርጋ፤ ዱዓ ነው።

አላህ ዕድሜ ይስጠው። አላህ ጤናውን ያብዛለት። የሚያገባት ልጅ፣ ማንም ትሁን፣ ጎጆዋ የሞቀ ይሁን። ልጅ ይስጣቸው፤ ሴቶች፣ ሰባት ሴቶች። ሰባቱም መልካቸው በእናታቸው ይውጣ። ሲስቁ ቤቱ ይሙላ፤ አባታቸው ሲያያቸው ከዓይኑ ብሌን ይበልጡበት፣ ነፋስ እንኳ እንዳይነካቸው ይስጋ። አድገው ለወግ ለማዕረግ ይብቁለት። ያን ጊዜ ደግሞ ለታላቂቱም፣ ለታናሺቱም፣ ለሰባቱም፣ ልክ እንደሱ ያለ ጨዋ፣ ልክ እንደሱ ያለ ቆጣቢ፣ ልክ እንደሱ ዓይን ያለው ልጅ አላህ አንድ አንድ ይላክለት።

ምነው ሸምሶ… አሚን በል እንጂ።